ትርጉም ሁሉ ወላጅ አለው፦ በካምብሪጅ የተሰበሰቡት ጥንታዊ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች እንዴት ይነበባሉ?

በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከ2,000 በሚበልጡ ቋንቋዎች የተዘጋጁ ወደ 40,000 የሚጠጉ የመጽሐፍ ቅዱስ ኅትመቶች በአንድ ስብስብ ተይዘው ይገኛሉ። የስብስቡ ባለቤት ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን በ1804 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ስብስቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው፣ ያው አንድ መጽሐፍ በሺዎች ቅጂ መቀመጡ ለማን ይጠቅማል ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን በመደርደሪያዎቹ ላይ ያለው አንድ መጽሐፍ አይደለም። እያንዳንዱ ትርጉም ከአንድ ከተወሰነ ምንጭ የተቀዳ ነው፤ ያ ምንጭ ራሱ ብዙ ጊዜ ሌላ ትርጉም ነው፤ እሱም ከሌላ የተወለደ ነው። ይህ የዘር ሐረግ ካልታወቀ ሁለት መጻሕፍት ለምን እንደሚለያዩ ማስረዳት አይቻልም፤ ሐረጉን ለመከታተል ደግሞ ወላጆቹንና ልጆቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ማየት የግድ ነው። እንዲህ ያለ ስብስብ ዋና ጥቅሙ ይኸው ነው።

ማኅበሩ የተወለደው በአንድ ትንሽ ቋንቋ ምክንያት ነው። የዌልስ ሰዎች ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስን በቋንቋቸው ያገኙት በ1588፣ በጳጳሱ በዊልያም ሞርጋን ተርጓሚነት ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በዌልስ ገጠር ማንበብ የሚችለው ሕዝብ እየበዛ ሲሄድ መጽሐፉ ግን በበቂ ቁጥር አይታተምም ነበር፤ በ1799 የወጣው እትም ሳይውል ሳያድር አለቀ። ማሪ ጆንስ የተባለች የሸማኔ ልጅ ለዓመታት ሳንቲም አጠራቅማ፣ በ1800፣ ከመንደሯ እስከ ባላ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሯ ተጉዛ ከሰባኪው ከቶማስ ቻርልስ አንድ ቅጂ የገዛችው በዚያን ጊዜ ነው። ቻርልስ በ1802 ወደ ለንደን ሄደው የዌልስን እጥረት ሲያስረዱ፣ ለዌልስ ከሆነ ለመላው አገርና ለመላው ዓለምስ ለምን አይሆንም የሚል ሐሳብ ተነሣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ማኅበሩ ተመሠረተ። በዚያው ዓመት ለውጭ ሕዝብ ያሳተመው የመጀመሪያ ሥራ በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩት የሞሆክ ሕዝቦች የሚናገሩትን ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ጋር ጎን ለጎን የያዘ የዮሐንስ ወንጌል ነበር። ተርጓሚው ጆን ኖርተን ከቼሮኪ አባትና ከስኮትላንዳዊት እናት የተወለዱ፣ ሞሆኮች እንደ ወገናቸው የተቀበሏቸው ሰው ናቸው።

የማሪ ጆንስ መጽሐፍ ዛሬ በካምብሪጁ ስብስብ ውስጥ አለ። በውስጡ ልጅቱ በገዛ እጇ በእንግሊዝኛ የጻፈችው ማስታወሻ ይነበባል፦ የተወለደችበትን ቀን፣ የወላጆቿን ስም፣ መጽሐፉን በ16 ዓመቷ በ1800 እንደገዛችውና እውነተኛዋ ባለቤት እሷ መሆኗን ጽፋለች። የፊደል አጣጣሏ ስሕተት አለበት፤ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ አልነበረምና። ለእኔ ከማስታወሻው ይልቅ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የተጻፈበት ቦታ ነው። ማሪ የጻፈችው በአፖክሪፋው የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። አፖክሪፋ የሚባሉት እንደ ጦቢት፣ ዮዲትና መጽሐፈ ሲራክ ያሉት በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሌሉ፣ በግሪኩ ግን ያሉ መጻሕፍት ናቸው። የማኅበሩ መወለድ ምክንያት ተደርጎ የሚተረክለት መጽሐፍ እነዚህን መጻሕፍት ይዞ ነበር ማለት ነው፤ ማኅበሩ ግን ከብዙ ክርክር በኋላ በ1826 አፖክሪፋ ያለበትን ማናቸውንም እትም በገንዘቡ እንደማይደግፍ ወሰነ።

ይህ ውሳኔ በለንደን የተደረገ የውስጥ ክርክር ውጤት ቢሆንም ተጽዕኖው እኛ ዘንድ ደርሷል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምትቀበላቸው መጻሕፍት ሰማንያ አሐዱ ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል ሄኖክና ኩፋሌ ይገኙባቸዋል። በማኅበሩ አሳታሚነት የወጣው የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን 66 መጻሕፍትን ብቻ የያዘ ነበር። አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በ19ኛው መቶ ዓመት ያንን መጽሐፍ ተቀብሎ ሲገልጥ መጻሕፍት ጎድለውበት ቢያገኝ፣ ጉድለቱ ከተርጓሚው ድካም ወይም ከማተሚያ ቤቱ ስሕተት የመጣ ሳይሆን፣ አሳታሚው የት ድረስ ገንዘብ ያወጣል ከሚለው ደንብ የመጣ ነው። አንድን የቆየ እትም ስንመረምር ተርጓሚውን ብቻ ሳይሆን ገንዘብ የከፈለውንም መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት ለጌጥ ወይም ለመታሰቢያ የተቋቋመ አልነበረም። ማኅበሩ አንድ ትርጉም ደግሞ ለማሳተም ወይም ለማረም ሲያስብ የቀደሙትን እትሞች ማየት ነበረበት፤ ከሩቅ አገር የእጅ ጽሑፍ ሲላክለት ከምን ጋር እንደሚያመሳክረው ማወቅ ነበረበት፤ ፊደል ለማስቀረጽም ናሙና ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ከተመሠረተበት ዓመት ጀምሮ መጻሕፍት በግዥም በስጦታም ይሰበስብ ጀመር። ከመቶ ዓመት በኋላ ቲ. ኤች. ዳርሎና ኤች. ኤፍ. ሙል የተባሉ ሁለት ሰዎች ስብስቡን ዘርዝረው፣ የእንግሊዝኛውን ክፍል በ1903፣ የሌሎቹን ቋንቋዎች ክፍል በ1911 ያጠናቀቁት ካታሎግ ታተመ። ቋንቋዎቹ በፊደል ተራ፣ በየቋንቋው ሥር ደግሞ እትሞቹ በዓመታቸው ቅደም ተከተል ተቀምጠዋል። ለእያንዳንዱ እትም የርእስ ገጹ፣ የመጽሐፉ መጠን፣ የተርጓሚውና የአራሚው ማንነት፣ ትርጉሙ ከየት እንደተቀዳ እስከታወቀው ድረስ ተመዝግቧል። ዛሬም በዓለም ላይ ያሉ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና የቆዩ መጻሕፍት ነጋዴዎች አንድን ጥንታዊ መጽሐፍ ቅዱስ ለይተው ለመጥራት የዳርሎና ሙልን ቁጥር ይጠቀማሉ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ማኅበሩ የለንደን ቤቱን ለቆ ወደ ስዊንደን ሲዛወር ስብስቡን በአደራ ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። አደራ ከስጦታ የተለየ መሆኑ የታየው በ2014 ነው። ማኅበሩ በ1821 በስጦታ ያገኘውን፣ የዛኪንቶስ ኮዴክስ የሚባለውን የግሪክ ብራና ለመሸጥ በመወሰኑ ዩኒቨርሲቲው 1.1 ሚሊዮን ፓውንድ አሰባስቦ ገዛው። ይህ ብራና ሁለት ጊዜ የተጻፈበት ነው፦ ከሥር ያለውና የተፋቀው ጽሑፍ የሉቃስን ወንጌል ከአበው ትርጓሜ ጋር የያዘ፣ ከሚታወቁት የዚህ ዓይነት የአዲስ ኪዳን ጽሑፎች ሁሉ ቀዳሚው ሲሆን፣ ከላይ ያለው በ12ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ የወንጌል ንባብ ነው። ገንዘቡ ባይሰበሰብ ኖሮ ብራናው ወደ ግል ሰው እጅ ሊገባ ይችል ነበር፤ ይህ እንዳይሆን የተደረገው ጥረት ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመለስ፣ የአንድን ትርጉም ወላጅ ለይቶ ማወቅ ከሚመስለው በላይ ቀላል የሚሆንበት ጊዜ አለ። በአማርኛ ተናጋሪዎች ቤት በሚገኙ መጻሕፍት እንኳ ሊሞከር ይችላል። በግዕዙ ዳዊት «እግዚአብሔር ይሬእየኒ» የሚለው መዝሙር 22ኛ ነው፤ ከዕብራይስጥ በተተረጎሙ መጻሕፍት ግን 23ኛ ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም የሚባለው የግሪኩ ብሉይ ኪዳን በዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ የሆኑትን መዝሙራት አንድ ላይ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር በአንድ ወደ ኋላ ስለሚቀር ነው። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ሌሎች መዝሙራት ተከፍለው ስለሚቆጠሩ ሁለቱም 150 ላይ ይገናኛሉ፤ በግዕዙ ግን 151ኛ መዝሙርም አለ፤ ይህም ከግሪኩ የመጣ ነው። የግዕዙ ብሉይ ኪዳን ከግሪክ የተተረጎመ መሆኑን ማንም አንባቢ ያለ ሊቅ እርዳታ በጣቱ ቆጥሮ ሊደርስበት ይችላል ማለት ነው። ትርጉሙ የተከናወነው ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በአክሱም ዘመን ሲሆን፣ በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት የግዕዝ ወንጌሎች በዓለም ላይ በሥዕል አጊጠው ከቀሩት ወንጌሎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት መካከል ናቸው።

የሚያስቸግረው የወላጁ ማንነት ሲደበቅ ነው። ለዚህ ከታተመው የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በአሕመድ ግራኝ ጦርነት ዘመን የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን፣ አውሮፓውያን ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ የሚሏቸው፣ ወደ ሮም ደርሰው ለኢትዮጵያውያን መንገደኞች በተሰጠው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀመጡ። እዚያም ከኢትዮጵያውያን ባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው በ1548 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ፤ የጳውሎስ መልእክታት በሚቀጥለው ዓመት ወጡ። ሥራው እጅግ አስቸጋሪ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ በጻፉት ማሳሰቢያ ፊደል የሚለቅሙት የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ግዕዝ ማንበብ እንደማይችሉ፣ እነርሱም ማተም እንደማይችሉ፣ ስለዚህ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ሆነው እንደተረዳዱ ገልጸው አንባቢ ስሕተታቸውን ይቅር እንዲል ለምነዋል። ከዚህም በላይ፣ ለኅትመት የቀረበው የግብረ ሐዋርያት ቅጂ ጎደሎ ስለነበር፣ የዚሁ የግብረ ሐዋርያት አብዛኛው ክፍል እዚያው ሮም ላይ ከላቲንና ከግሪክ ተተርጉሞ እንደገባ በግልጽ አስታውቀዋል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። በ1657 ብራያን ዋልተን ለንደን ላይ ባጠናቀቁት በብዙ ቋንቋዎች ጎን ለጎን በተዘጋጀው ታላቅ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የገባው የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን ይኸው የሮም እትም ነበር። ከዚያ በኋላ ግዕዙን በቀጥታ ከብራና ማየት የማይችሉ የአውሮፓ ሊቃውንት፣ የጥንቱ የኢትዮጵያ ትርጉም ስለ አንድ የግብረ ሐዋርያት ጥቅስ ምን እንደሚል ለማወቅ ወደዚህ መጽሐፍ ይመለከቱ ነበር። ያገኙት ግን በብዙ ቦታ የአክሱምን ዘመን ትርጉም ሳይሆን በ16ኛው መቶ ዓመት ከላቲን የተመለሰ ቃል ነው። አንድ ሰው የግዕዙንና የላቲኑን መስማማት አይቶ፣ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ጥንታዊ ምስክሮች አገኘሁ ብሎ ቢደመድም፣ በእርግጥ ያገኘው አንድ ምስክር ሁለት ጊዜ ሲናገር ነው። ዛሬ የግሪኩን አዲስ ኪዳን ልዩ ልዩ ንባቦች የሚያነጻጽሩ መጻሕፍት የሮሙን የግዕዝ እትምና ቶማስ ፔል ፕላት ከብራናዎች አዘጋጅተው በ1830 በማኅበሩ ያሳተሙትን የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን በተለያየ ምልክት ለይተው የሚጠቅሱት ለዚህ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን የሠሩትን አልደበቁም፤ ማሳሰቢያቸውን ያላነበበው ነው የተሳሳተው። ሁለቱን እትሞች አንድ ጠረጴዛ ላይ ማግኘት የሚቻልበት ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያለውን ስሕተት በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጠራዋል።

የአማርኛው ታሪክ ደግሞ ከዚህ የተለየ መንገድ ይዟል። አቡ ሩሚ ወይም አባ አብርሃም የሚባሉት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ብዙ አገር የዞሩ ሰው ነበሩ። በካይሮ የፈረንሳይ ቆንስላ ባለሥልጣን የነበሩት አሴሊን ደ ሸርቪል እንደጻፉት፣ አቡ ሩሚ በጎንደር ስኮትላንዳዊውን ተጓዥ ጄምስ ብሩስን፣ በሕንድ ደግሞ የቋንቋ ሊቁን ዊልያም ጆንስን አስተምረዋል። ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ ካይሮ ላይ ታመው ሳሉ አሴሊን አስጠግተው አሳከሟቸው፤ ከዚያም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ እንዲተረጉሙ ሐሳብ አቀረቡላቸው። ሥራው አሥር ዓመት ፈጀ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ አሴሊን በራቸውን ለእንግዳ ዘግተው ከአቡ ሩሚ ጋር ይቀመጡ ነበር። የሚያነቡት የዐረብኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ እያንዳንዱን ቁጥር በዝግታ አንብበው፣ የዐረብኛው ቃል ሲከብድ ዕብራይስጡን፣ ሱርስቱንና የግሪኩን የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም እያዩ ትርጉሙ ለአቡ ሩሚ ግልጽ ከሆነ በኋላ እሳቸው በአማርኛ ይጽፉ ነበር። ሲያልቅ የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ሆነ፤ ሁሉም በአቡ ሩሚ እጅ የተጻፈ ነበር። ሥራቸውን ፈጽመው ኢየሩሳሌምን ከተሳለሙ በኋላ ወደ ካይሮ ተመለሱ፤ እዚያም በወረርሽኝ አረፉ።

በ1820 የቸርች ሚሽነሪ ማኅበር መልእክተኛ ዊልያም ጆዌት ይህንን የእጅ ጽሑፍ ካይሮ ላይ አይተው በ1,250 ፓውንድ ለመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበሩ ገዙት። ጽሑፉ ወደ ለንደን ገብቶ በፔል ፕላት አዘጋጅነት ወንጌሎቹ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳኑ በ1829፣ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱሱ ደግሞ በ1840 ታተመ። አቡ ሩሚ ከቃላቸው አንዱንም ታትሞ አላዩም። እንግሊዛዊው አዘጋጅ አማርኛን የተማሩት ከመጻሕፍት ነው፤ ለዚህም መሠረቱን የጣሉት በ17ኛው መቶ ዓመት ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍና አስተማሪያቸው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ትርጉሙ በተለያየ ጊዜ ታርሟል፤ ከእነዚህም አንዱ ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከኢትዮጵያውያን ረዳቶች ጋር በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ላይ የደከሙበት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመ ኮሚቴ ከዕብራይስጥና ከግሪክ እያመሳከረ ያዘጋጀው፣ በተለምዶ የ1954 ዓ.ም. የሚባለው ትርጉም እስኪወጣ ድረስ፣ በአማርኛ የታተመውን ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው በአብዛኛው ያነበበው የአቡ ሩሚን ቃል ነው።

የዘር ሐረጉን እንግዲህ እንይ። የግዕዙ ወላጅ ግሪክ ነው፤ የመጀመሪያው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ወላጅ ግን ግዕዙ ሳይሆን ዐረብኛው ነው። በአንድ አገር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ ፊደል የሚነበቡ ሁለት መጻሕፍት በሥጋ ዝምድና ሲታዩ ሩቅ ናቸው። በዚያን ዘመን ዳዊትን በግዕዝ በቃሉ የያዘ ደብተራ የአማርኛውን ሲያነብ የሚያውቀው ሐረግ ተለውጦ ቢያገኘው መገረሙ አይቀርም፤ ልዩነቱን የመናፍቅ እጅ ገብቶበት ነው ብሎ ለመጠርጠርም ቅርብ ነበር። ምንጩ ሌላ መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረምና።

ወላጁ በአንድ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተኝቶ የቆየ ትርጉምም አለ። ፈረንሳዊው ካህን ዣን ባሴ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በቻይና የአዲስ ኪዳንን አብዛኛውን ክፍል ወደ ቻይንኛ ተርጉመው፣ ወደ ዕብራውያን መልእክት መጀመሪያ ሲደርሱ አረፉ። የእጅ ጽሑፉ ቅጂ ወደ ለንደን መጥቶ በብሪታንያ ቤተ መዘክር ተቀመጠ። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ሮበርት ሞሪሰን ወደ ቻይና ከመሄዳቸው በፊት፣ ለንደን ውስጥ ካገኙት ቻይናዊ መምህራቸው ከዮንግ ሳም ታክ ጋር ሆነው ጽሑፉን ገለበጡት፤ በ1814 ያሳተሙት የቻይንኛ አዲስ ኪዳንም ብዙ ነገር ከዚያ ወስዷል። ካቶሊካዊው ካህን የጀመሩት ሥራ በፕሮቴስታንቱ ሚሲዮናዊ እጅ ተቀጥሎ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1823 ወጣ።

በርእስ ገጽ ላይ የሚታተመው ስም ደግሞ ሁልጊዜ የሠራውን ሰው ሁሉ አይነግረንም። በ1899 ባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና የታተመውና በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ሙሉ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የኦኔሲሞስ ነሲብ ሥራ ተብሎ ይታወቃል፤ እውነትም ነው። ኦኔሲሞስ በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው ምጽዋ ላይ ነፃ የወጡ፣ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደጉ ሰው ነበሩ። ነገር ግን እንደ እሳቸው ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ቃላት በመሰብሰብና በትርጉሙ በመርዳት ያበረከተችው ድርሻ ከፍተኛ ነበር፤ በመጽሐፉ የርእስ ገጽ ላይ ግን ስሟ የለም። የቆዩ ትርጉሞችን የሚያጠና ሰው ከርእስ ገጹ አልፎ ደብዳቤዎችን፣ የወጪ መዝገቦችንና የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎችን መመርመር ያለበት ለዚህ ነው። የማኅበሩ መዛግብትም ከመጻሕፍቱ ጋር በካምብሪጅ በአንድ ጣሪያ ሥር መቀመጣቸው ትልቅ ጥቅም የሚሰጠው በዚህ በኩል ነው።

ትርጉሙ የተዘጋጀበት ቋንቋ ራሱ ሲጠፋ የመጽሐፉ ዋጋ ሌላ መልክ ይይዛል። ጆን ኤልየት በማሳቹሴትስ ለዋምፓኖአግና ለአካባቢው ሕዝቦች ያዘጋጁት መጽሐፍ ቅዱስ በ1663 ሲታተም በአሜሪካ ምድር የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። በሥራው የአገሬው ተወላጆች ተሳትፈውበታል፤ ከነሱም አንዱ በማተሚያ ቤቱ ፊደል በመልቀም ስለሠራ ጄምስ ፕሪንተር ተብሎ የተጠራው የኒፕመክ ሰው ነው። በ1675 በተነሣው ጦርነት ብዙ ቅጂዎች ስለጠፉ በ1685 ዳግመኛ ታተመ። ከዚያ በኋላ ቋንቋው እየከሰመ ሄዶ ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የሚናገረው ሰው አልነበረም። በ1990ዎቹ የዋምፓኖአግ ተወላጅ የሆኑት ጄሲ ሊትል ዶ ቤርድ ቋንቋውን ለማስመለስ ሲነሡ፣ ይህ መጽሐፍ ቅዱስ ከውርስና ከመሬት ሰነዶች ጋር ዋና መሣሪያ ሆነላቸው። የአንድ መጽሐፍ ይዘት በሌሎች ቋንቋዎች አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ፣ በጠፋው ቋንቋ የተጻፈውን እያንዳንዱን ቁጥር ከታወቀው ጋር አስተያይቶ ቃላቱንና ሰዋስዉን መልሶ ማውጣት ይቻላል። ሌላ ጽሑፍ ይህን ያህል ርዝመት ኖሮት ቃል በቃል የሚነጻጸር አቻ አያገኝም። ዛሬ በዚያ ቋንቋ አፋቸውን የፈቱ ልጆች አሉ።

አማርኛ ምስጋና ይግባውና እንዲህ ያለ ችግር የለበትም፤ ከስብስቡ የሚያገኘው ጥቅም ግን ቀላል አይደለም። ከአቡ ሩሚ በፊት በአማርኛ የተጻፈ ረጅም ስድ ንባብ ጥቂት ነው፤ የጽሑፍ ቋንቋው ግዕዝ ነበርና። ስለዚህ 9,539 ገጽ የሚሆነው የእጅ ጽሑፍ፣ የ1824 ወንጌሎች፣ የ1840 መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኋላ የታረሙት እትሞችና የ1954 ዓ.ም. ትርጉም በተርታ ሲቀመጡ፣ ያው አንድ ምዕራፍ በ140 ዓመታት ውስጥ በጽሑፍ አማርኛ ላይ የደረሰውን ለውጥ ደረጃ በደረጃ ያሳያል፦ የግስ እርባታው፣ የፊደል አጣጣሉ፣ የዐረፍተ ነገሩ አሰካክ። ለምሳሌ የማቴዎስን አምስተኛ ምዕራፍ ወስዶ በየእትሙ የተለወጠውን በቀለም እየለዩ መጻፍ፣ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በአንድ የትምህርት ዓመት ሊጨርሰው የሚችል ሥራ ነው።

ይህን ሥራ በትክክል ለመሥራት ግን አማርኛና ግዕዝ ማወቅ አይበቃም። አቡ ሩሚና አሴሊን የያዙት የዐረብኛ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ወላጅ አለው፤ የዐረብኛ ትርጉሞች ደግሞ እንደ ዘመናቸውና እንደ ቦታቸው ከግሪክ፣ ከሱርስት፣ ከቅብጥ የተቀዱ ናቸው፤ በ1671 ሮም ላይ የታተመው የዐረብኛ መጽሐፍ ቅዱስም ቩልጌት ከሚባለው ከላቲኑ ትርጉም ጋር እንዲስማማ ተደርጎ የታረመ ነበር። በመሆኑም የ1840ውን አማርኛ ከዕብራይስጡ ወይም ከግዕዙ ጋር እያመሳከሩ እዚህ ተሳሳተ፣ እዚያ ጎደለ ማለት አቡ ሩሚ ባላዩት መጽሐፍ እሳቸውን መክሰስ ይሆናል። መጀመሪያ የእጅ ጽሑፉ በካይሮ በዚያን ዘመን ይገኙ ከነበሩት የዐረብኛ እትሞች ጋር ቁጥር በቁጥር መተያየት አለበት፤ ቀጥሎ የለንደኑ አዘጋጅ ከእጅ ጽሑፉ ምን እንደለወጡ መለየት አለበት። የአቡ ሩሚ የትርጉም ችሎታ ሊመዘን የሚችለው ከሁለቱ በኋላ ነው።